ከጫጫታ ሥር የተደበቀ ሲግናልን በጊዜና በድግግሞሽ ሰሌዳ ላይ መፈለግ፦ ደረጃ በደረጃ

ጫጫታ ብቻ ያለበትን ቀረጻ ስፔክትሮግራም (የትኛው ድግግሞሽ መቼ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳይ ሥዕል) ውስጥ ብታስገቡት ባዶ ሥዕል አይወጣላችሁም። ነጠብጣብ ይወጣል። አንዳንዱ ነጠብጣብ ከጎረቤቱ ጋር ይያያዝና አጭር ሰረዝ ይሆናል፤ ሰረዙ ትንሽ ካዘነበለ ደግሞ «አገኘሁት!» ያሰኛል። ስለዚህ እዚህ ሥራው ሲግናሉን ከመፈለግ አይጀምርም፤ ጫጫታው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሥዕሉ ምን ይመስል ነበር ብሎ ከመጠየቅ ይጀምራል። ብዙ ማብራሪያዎች ይህን ጥያቄ ከነጭራሹ ይዘሉታል ወይም መጨረሻ ላይ በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። እኔ ግን የሥራው ግማሽ እሱ ነው ባይ ነኝ።

ለመከተል ፓይተን ከሳይፓይ ጋር፣ ወይም ማትላብ፣ ወይም ኦክታቭ ይበቃችኋል። ፉሪየር ትራንስፎርም አንድን ቀረጻ ወደ ድግግሞሾች እንደሚበትን ካወቃችሁ ሌላውን እየሄድን እናየዋለን። የአንድ ሙሉ ቀረጻ የኃይል ስፔክትረም የትኞቹ ድግግሞሾች እንዳሉ ያሳያል እንጂ መቼ እንደመጡ አያሳይም። የፊዚክስ ሊቁ ዴኒስ ጋቦር እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣው ጥናት ሲግናልን በጊዜና በድግግሞሽ ሰሌዳ ላይ ባንድነት መዘርጋት እንደሚቻል፣ ሁለቱንም ልክ እስከፈለጉት ማጥበብ ግን እንደማይቻል አሳየ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ ክልከላ ጋር የሚደረግ ድርድር ነው።

ደረጃ 1፦ መልሱን የምታውቁት ቀረጻ ሥሩ

በራሳችሁ መረጃ አትጀምሩ። መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ሰው ሠራሽ ቀረጻ አዘጋጁ። እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው፤ ርዝመቱ 10 ሰከንድ፣ የናሙና ፍጥነቱ በሰከንድ 1000፣ በድምሩ 10,000 ናሙና። በውስጡ አራት ነገሮች አሉ።

- መደበኛ ልይይቱ (ከአማካዩ የመበታተኑ ልክ) 1 የሆነ ነጭ ጫጫታ፣ ማለትም በሁሉም ድግግሞሽ እኩል ኃይል ያለው ጫጫታ፣
- ከፍታው 1 የሆነ የ50 ሄርዝ የኤሌክትሪክ መስመር ድምፅ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣
- በ8ኛው ሰከንድ ላይ ከፍታው 30 የሆነ አንድ ነጠላ ናሙና፣ እንደ ድንገተኛ ምት፣
- ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሰከንድ ብቻ የሚቆይ፣ ከ80 ሄርዝ ተነስቶ 280 ሄርዝ የሚደርስ፣ ከፍታው 0.5 የሆነ ሲግናል።

የመጨረሻው ባለሙያዎች ቸርፕ የሚሉት ነው፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። ኃይሉ 0.125 ሲሆን የጫጫታው ኃይል 1 ነው፤ ማለትም ከጫጫታው 9 ዴሲቤል ያህል ያንሳል። ጥሬውን ቀረጻ በጊዜ ዘርግታችሁ ብታዩት 4ኛው ሰከንድ ከ3ኛው ምንም የተለየ አይመስልም።

ደረጃ 2፦ የናሙናውን ፍጥነት መርምሩ

በሰከንድ 1000 ናሙና የሚወስድ መሣሪያ እስከ 500 ሄርዝ ብቻ ነው የሚያየው። ከዚያ በላይ ያለው ነገር አይጠፋም፤ ታጥፎ ወደ ታች ይመለሳል። 900 ሄርዝ የነበረው 100 ሄርዝ ሆኖ ይታያል። አንዴ ታጥፎ ከገባ በኋላ በሶፍትዌር መለየት አይቻልም፤ ማጣሪያው መኖር ያለበት ከናሙናው በፊት፣ በመሣሪያው ላይ ነው።

ይህን በመጽሐፍ ሳነበው ቀላል መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን የአንድ ማሽን ንዝረት ቀረጻ ላይ ከ400 ወደ 200 ሄርዝ የሚወርድ ያማረ ሰያፍ መስመር አገኘሁና ምን እየቀዘቀዘ፣ ምን እየላላ ነው እያልሁ ቀናት አጠፋሁ። ምንም የሚወርድ ነገር አልነበረም። ሞተሩ ፍጥነት እየጨመረ ከ600 ወደ 800 ሄርዝ ሲወጣ፣ ማጣሪያ የሌለው መሣሪያ ገልብጦ ያሳየኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስመር ወደ ታች ሲወርድ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠረጥረው መታጠፍን ነው። በሌላ የናሙና ፍጥነት ደግማችሁ ቅረጹ፤ መስመሩ ቦታ ከቀየረ ታጥፎ የመጣ ነው።

ደረጃ 3፦ ጥሬውን ቀረጻ እዩ፤ ትንሽ ብቻ አጽዱ

ስፔክትሮግራሙን ከመሥራታችሁ በፊት ጥሬውን ቁጥር በሥዕል ተመልከቱ። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ አለ? የተቋረጠና በዜሮ የተሞላ ቦታ አለ? ቀስ እያለ የሚንሸራተት መነሻ መስመር አለ? አማካዩንና ዝንባሌውን ቀንሱ።

ድንገተኛውን ምት አሁኑኑ አስወግዱት። መደበኛ ልይይትን በተለመደው መንገድ ካሰላችሁ ምቱ ራሱ ስሌቱን ያሳብጠዋል። በምትኩ እያንዳንዱ ናሙና ከሚዲያኑ (ናሙናዎቹ በመጠን ሲደረደሩ መሐል ላይ ከሚውለው ዋጋ) ምን ያህል እንደሚርቅ አስሉ፤ የነዚህን ርቀቶች ሚዲያን ወስዳችሁ በ1.48 አባዙት። የሚወጣው ቁጥር ምት የማያዛባው የልይይት ግምት ነው። ከዚህ ከ6 እጥፍ በላይ የራቀውን ናሙና በግራና በቀኝ ጎረቤቶቹ መካከል በሚያልፍ መስመር ተኩት። ይህን ካላደረጋችሁ በ8ኛው ሰከንድ ላይ ከታች እስከ ላይ የሚዘልቅ ቋሚ ዓምድ ይታያችኋል። ምት በጊዜ ጠባብ ስለሆነ በድግግሞሽ በኩል ሁሉንም ቦታ ይሞላል።

የ50 ሄርዙን ድምፅ ግን ለጊዜው ተዉት። ጠባብ ማጣሪያ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ማጣሪያ ምት ሲመታው እንደ ደወል ለረጅም ጊዜ ይርገበገባል፤ ያ ርግብግቢት ደግሞ ሥዕሉ ላይ አዲስ ነገር ሆኖ ይወጣል። ደረጃ 5 ላይ በሌላ መንገድ እንገላገለዋለን።

ደረጃ 4፦ የመስኮቱን ርዝመት በሒሳብ ምረጡ

ስፔክትሮግራም ቀረጻውን በአጫጭር መስኮቶች ይቆርጥና ለእያንዳንዱ ፉሪየር ትራንስፎርም ይሠራል። የመስኮቱ ቅርጽ የሀን መስኮት፣ ማለትም ጫፎቹ ቀስ ብለው ወደ ዜሮ የሚወርዱት፣ ይሁን። ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠው አራት ማዕዘን መስኮት የኃይለኛ ድምፅ ፍሳሽ ወደ ጎረቤት ድግግሞሾች ይለቃል፤ የመጀመሪያው የጎን ጉብታው ከዋናው በ13 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚያንሰው፤ የሀን መስኮት ግን በ31 ዴሲቤል። ሳይፓይ ላይ ስፔክትሮግራም የሚሠራው የቆየ ትእዛዝ ምንም ካልነገራችሁት የሀንን አይወስድም፤ የቱኪን መስኮት ነው የሚወስደው፤ መስኮቶቹንም በአንድ ስምንተኛ ብቻ ነው የሚያደራርበው። ለዚህ ሥራ ሁለቱንም በእጃችሁ ለውጡ።

ርዝመቱ ላይ ግን ልንቆይ ይገባል። ረጅም መስኮት ድግግሞሽን አጥርቶ ይለያል፤ በእያንዳንዱ የድግግሞሽ ረድፍ የሚገባውን ጫጫታም ያሳንሳል። ድግግሞሹ የማይንቀሳቀስ ድምፅ ብትፈልጉ መስኮቱን በእጥፍ ባስረዘማችሁ ቁጥር 3 ዴሲቤል ታተርፋላችሁ። ቸርፕ ግን ይንቀሳቀሳል። መስኮቱ ውስጥ እያለ ብዙ ከተጓዘ ኃይሉ በብዙ ረድፎች ላይ ይበተናል። ሁለቱ የሚመጣጠኑበት ቦታ አለ። ሲግናሉ በሰከንድ ስንት ሄርዝ እንደሚወጣ ውሰዱ፤ የዚያን ስኩዌር ሩት አስሉ፤ 1ን ለእሱ አካፍሉ። የኛው ቸርፕ በ2 ሰከንድ 200 ሄርዝ ይወጣል፤ በሰከንድ 100 ማለት ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 10፤ መልሱ 0.1 ሰከንድ። የሀን መስኮት ጫፎቹ ስለሚሳሱ ከዚህ እስከ እጥፉ መሄድ ያዋጣል። በ1000 ናሙና ሲሰላ ከ100 እስከ 200 ናሙና ይሆናል፤ ለኮምፒውተሩ የሚመቹት ቁጥሮች 128 ወይም 256 ናቸው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ቸርፑ በሚያልፍበት ሕዋስ (አንድ የድግግሞሽ ረድፍና አንድ የጊዜ ዓምድ በሚገናኙበት ነጥብ) ላይ የቸርፑ ኃይል ከአማካይ ጫጫታው ጋር ሲነጻጸር በግምት እንዲህ ይወጣል።

- መስኮቱ 32 ናሙና ሲሆን 1.3 እጥፍ፣
- 128 ሲሆን 5 እጥፍ፣
- 256 ሲሆን 6.4 እጥፍ፣
- 1024 ሲሆን 1.6 እጥፍ።

ያው ቀረጻ፣ ያው ቸርፕ ነው። በ32 እና በ1024 ሥዕሉ ላይ መኖሩን እንኳ አታውቁም፤ በ256 ሰያፍ መስመር ሆኖ ይወጣል። የምትፈልጉት ነገር በምን ፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ ካላወቃችሁ አንድ መስኮት መርጣችሁ አትቁሙ፤ ከ32 እስከ 1024 በእጥፍ እየጨመራችሁ ሁሉንም ሞክሩ። ስንት መስኮት እንደሞከራችሁ ግን ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ደረጃ 6 ላይ ይጠየቃል።

በ256 እንቀጥል። እርምጃው 64 ናሙና ይሁን፤ ማለትም መስኮቶቹ ሦስት አራተኛ ይደራረባሉ። በድግግሞሽ በኩል 129 ረድፍ፣ በጊዜ በኩል 153 ዓምድ፣ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሕዋስ ይኖራችኋል። የመስኮቱን ጫፍ በዜሮ አስረዝሞ ትልቅ ትራንስፎርም መሥራት ሥዕሉን ያለሰልሰዋል እንጂ አዲስ የመለየት አቅም አይጨምርም።

ደረጃ 5፦ የጫጫታውን ወለል ለኩ

ነጭ ጫጫታ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የሚያሳየው ኃይል በጣም ይዋዥቃል፤ መደበኛ ልይይቱ ከአማካዩ ጋር እኩል ነው። መስኮቱን ማስረዘምም ይህን አያረጋጋውም። ስርጭቱ ግን የታወቀ ነው፤ አንድ ሕዋስ ከአማካዩ ከአንድ ቁጥር እጥፍ በላይ የመሆን ዕድሉ በዚያ ቁጥር መጠን በፍጥነት ያሽቆለቁላል። ከ6 እጥፍ በላይ የመሆን ዕድሉ ከ1000 ውስጥ 2.5 ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን 20,000 ሕዋስ አለን፤ ስለዚህ ምንም ሲግናል ባይኖር እንኳ ወደ 50 የሚጠጉ ሕዋሶች ከ6 እጥፍ በላይ ያበራሉ። የኛ ቸርፕ ራሱ 6.4 እጥፍ ነው! የሐሰቱ ብርሃን ወደ አንድ ሕዋስ እንዲወርድ ገደቡን 10 እጥፍ ማድረስ ያስፈልጋል፤ ያኔ ግን ከቸርፑ ሕዋሶች አንዳንዶቹ ብቻ ናቸው የሚሻገሩት። ሕዋስን ብቻውን መዳኘት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

አማካዩን እንዴት እናገኛለን? በቀጥታ ብታሰሉት ሲግናሉና ምቱ ያሳብጡታል። ስለዚህ በየረድፉ በጊዜ በኩል ሚዲያኑን ውሰዱና በ0.693 አካፍሉት፤ በዚህ ስርጭት ሚዲያኑ ከአማካዩ 0.693 እጥፍ ስለሆነ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ሕዋስ ለረድፉ ወለል አካፍሉ። አሁን ሥዕላችሁ በዴሲቤል ሳይሆን «ከጫጫታው ስንት እጥፍ» በሚል ሚዛን ይናገራል። ጫጫታው ነጭ ባይሆንም፣ ማለትም በዝቅተኛ ድግግሞሽ ቢበረታም፣ በየረድፉ ስለተለካ ይስተካከላል። የ50 ሄርዙ ድምፅም ሁልጊዜ ስለሚኖር የራሱ ረድፍ ወለል ሆኖ ይጠፋል። ይህ ግን ሁለት ነገር ያስከፍላል። በ50 ሄርዝ ዙሪያ ባሉት ረድፎች ላይ ስለሚመጣ ነገር መፍረድ አትችሉም፤ የምትፈልጉት ሲግናልም ከቀረጻው ግማሽ በላይ በአንድ ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ እሱንም ከጫጫታ ቆጥራችሁ ትደመስሱታላችሁ። እንዲያ ከሆነ ወለሉን ሲግናል እንደሌለበት ከምታውቁት ሌላ ቀረጻ ውሰዱ።

ስህተት ከሚበዛበት ቦታ አንዱን ልጥቀስ። ማለስለስ ወይም አማካይ መውሰድ ካስፈለጋችሁ ኃይሉን አማካይ አድርጉና ከዚያ ወደ ዴሲቤል ቀይሩ። መጀመሪያ ዴሲቤል አድርጋችሁ ከዚያ አማካይ ከወሰዳችሁ ወለሉ 2.5 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይልና ሁሉም ነገር ከጫጫታ በላይ የሆነ ይመስላችኋል።

ለቀለሙ ደግሞ ሶፍትዌሩ በራሱ እንዲመርጥ አትተዉት። የቀለሙን ታች 1 እጥፍ ላይ፣ ላዩን 15 እጥፍ አካባቢ ላይ አስሩት፤ የምታወዳድሯቸው ሥዕሎች ሁሉ በአንድ ሚዛን ይሁኑ። ብሩህነቱ በእኩል የሚጨምር የቀለም ድርድር፣ ለምሳሌ ቪሪዲስ፣ ተጠቀሙ። የቀስተ ደመና ቀለሞች ከቢጫ ወደ ቀይ ሲዘሉ በሌለበት ቦታ ድንበር ይሠራሉ።

ደረጃ 6፦ መስመሩ መስመር መሆኑን ፈትኑ

አሁን ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሰከንድ ሰያፍ መስመር ይታያችኋል። ጫጫታም ግን ሰረዝ ይሠራል፤ በተለይ መስኮቶቹ ሦስት አራተኛ ሲደራረቡ ጎረቤታም ሕዋሶች አንዱን ናሙና ስለሚጋሩ የሐሰቱ ብርሃን ነጠላ ሆኖ አይወጣም፤ በስብስብ ነው የሚወጣው። የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

መድኃኒቱ በመስመሩ ላይ መደመር ነው። መነሻ ድግግሞሽ፣ መድረሻ ድግግሞሽና መነሻ ሰዓት ምረጡ፤ ያ መስመር የሚያልፍባቸውን ሕዋሶች አማካይ ውሰዱ። በ2 ሰከንድ ውስጥ እርስ በርስ ነጻ የሆኑ 15 ያህል መለኪያዎች ይገኛሉ። ጫጫታ ብቻ ከሆነ አማካዩ 1፣ መዋዠቁ ደግሞ ወደ 0.26 ይወርዳል። በኛ ቸርፕ ላይ ግን አማካዩ 7.4 አካባቢ ይወጣል፤ አከራካሪ አይደለም። የቸርፑን ከፍታ ከ0.5 ወደ 0.2 አውርዳችሁ ድገሙት። ሥዕሉ ላይ ዐይናችሁ ምንም አያይም፤ የመስመሩ አማካይ ግን 2 አካባቢ ይሆናል፤ ከጫጫታው በመዋዠቁ 4 እጥፍ ያህል ይርቃል።

እዚህ ላይ ቸኩላችሁ አትደሰቱ። አንድ መስመር ብቻ አልሞከራችሁም፤ በሺህ የሚቆጠር መስመር፣ ምናልባትም በስድስት የተለያዩ መስኮቶች ሞክራችኋል። ከሺህ ሙከራ ውስጥ በዕድል ብቻ ከፍ የሚል አይጠፋም። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

1. የሙሉውን ቀረጻ ፉሪየር ትራንስፎርም ውሰዱ፤ የእያንዳንዱን ድግግሞሽ መጠን ሳትነኩ ፌዙን (እያንዳንዱ ሞገድ ከየትኛው የዙሩ ነጥብ እንደሚነሳ የሚናገረውን ማዕዘን) ብቻ በዘፈቀደ ቁጥር ተኩና ወደ ጊዜ መልሱት። የድግግሞሽ ይዘቱ አንድ ዓይነት የሆነ፣ በጊዜ የተደራጀ ነገር ግን የሌለበት ቀረጻ ታገኛላችሁ።
2. ከደረጃ 4 ጀምሮ ያለውን ሁሉ በዚህ ቀረጻ ላይ ድገሙ፤ መስኮቶቹንም መስመሮቹንም ሁሉ ሞክሩ፤ ያገኛችሁትን ትልቁን አማካይ ጻፉ።
3. ይህን 200 ጊዜ ድገሙ።

የእውነተኛው ቀረጻ ትልቁ አማካይ ከ200ዎቹ ሁሉ ከበለጠ አንድ ነገር ይዛችኋል። 30ዎቹ ከበለጡት ግን የያዛችሁት ሰረዝ ነው። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን ለግማሽ ሰዓት ማሠራት ሰልችቶት የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ እኔም ዘልዬው አውቃለሁ፤ በሞተሩ ቀረጻ ላይ ካጠፋሁት ጊዜ የማይተናነስ ጊዜ አስከፍሎኛል።

ሁለት መሣሪያ ካላችሁ ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ላይጎ የተባለው በአሜሪካ ሁለት ጣቢያዎች፣ ሊቪንግስተንና ሃንፎርድ፣ ያሉት የስበት ሞገድ መመልከቻ የመጀመሪያውን የስበት ሞገድ ሲመዘግብ፣ በስፔክትሮግራሙ ላይ የታየው ልክ እንደኛው ያለ ሽቅብ መስመር ነበር፤ በ0.2 ሰከንድ ያህል ውስጥ ከ35 ወደ 250 ሄርዝ የወጣ። በሊቪንግስተን ከታየ ከ7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ በኋላ በሃንፎርድ ታየ። ተመራማሪዎቹ በሥዕሉ ውበት ብቻ አልረኩም። የአንዱን መሣሪያ መረጃ በጊዜ አንሸራተው ከሌላው ጋር ደጋግመው አጣመሩት። ሽግሽጉ ሞገዱ በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ለመጓዝ ከሚፈጅበት 10 ሚሊ ሰከንድ ስለሚበልጥ፣ በዚያ ጥምረት ውስጥ የሚገጣጠም ነገር ሁሉ የዕድል ውጤት ነው። ጫጫታው ብቻውን ምን ያህል ጊዜ እንደሚያታልል የቆጠሩት በዚህ መንገድ ነው። ሁለት ማይክሮፎን ወይም ሁለት የንዝረት መለኪያ ያለው ማንኛውም ሰው ይህንኑ ማድረግ ይችላል።

ሌሎቹ መሣሪያዎች መቼ ይወጣሉ?

ዌቭሌት ለዝቅተኛ ድግግሞሽ ረጅም፣ ለከፍተኛው አጭር መስኮት ይጠቀማል። ሲግናላችሁ ከ2 እስከ 200 ሄርዝ የሚዘረጋ ከሆነ ያዋጣል፤ በጠባብ ክልል ውስጥ ከሆነ ከስፔክትሮግራም ብዙም አይበልጥም። ዳርና ዳር ላይ ያለውን ክፍል አትመኑ፤ ዌቭሌቱ ከቀረጻው ውጭ ስለሚወጣ ዋጋው የተበላሸ ነው።

ዴቪድ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረበው ባለ ብዙ መስኮት ዘዴ በአንድ ቁራጭ ላይ ብዙ የማይመሳሰሉ መስኮቶችን አሳርፎ አማካይ ይወስዳል። ሰባት መስኮት ብትጠቀሙ የጫጫታው መዋዠቅ ወደ 0.38 ይወርዳል፤ ክፍያው የድግግሞሽ ጥራት ነው። ሰፊና ደብዛዛ ነገር ስትፈልጉ ከተራው ስፔክትሮግራም ይህን እመርጣለሁ።

የዊግነርና ቪል ስርጭት የሚባለው ሌላው የጊዜና ድግግሞሽ ሥዕል ለአንድ ንጹሕ ቸርፕ እጅግ ስለታም ሥዕል ይሰጣል። ሁለት ነገር ሲኖር ግን በመካከላቸው ሦስተኛ የሌለ ነገር ይፈጥራል፤ ጫጫታ ደግሞ እልፍ አእላፍ ነገር ነው። በጫጫታ ውስጥ አልጠቀምበትም። የተበተነውን ኃይል ወደ ማዕከሉ ሰብስበው ሥዕሉን የሚያሾሉ አዳዲስ ዘዴዎችም ጫጫታውን አብረው ያሾሉታል። መኖሩ በደረጃ 6 ከተረጋገጠ በኋላ የመስመሩን ትክክለኛ መንገድ ለመለካት ይጠቅማሉ፤ መኖሩን ለማረጋገጥ ግን አይደለም።

ደረጃ 7፦ ሲግናሉን አውጡት

መኖሩን ካረጋገጣችሁ በመስመሩ ዙሪያ ከላይና ከታች ሁለት ሦስት ረድፍ የሚሰፋ ማስክ (የሚቀሩትን ሕዋሶች ብቻ የሚያሳልፍ ሽፋን) ሥሩ፤ ውጭውን ዜሮ አድርጋችሁ ወደ ጊዜ መልሱት። ለዚህ ኃይሉ ብቻ አይበቃም፤ ፌዙን የያዘው ውስብስብ ቁጥር መቀመጥ አለበት። የሀን መስኮት በግማሽም ሆነ በሦስት አራተኛ ሲደራረብ ቀረጻው ሳይዛባ ይመለሳል። የማስኩ ጠርዝ ቀስ ብሎ የሚወርድ ይሁን፤ በድንገት የሚቆረጥ ከሆነ ተበታትነው የሚቀሩት ሕዋሶች እንደ ጠብታ የሚያቃጭል ድምፅ ይፈጥራሉ።

ከዚያ ያወጣችሁትን ከመጀመሪያው ቀረጻ ቀንሱና የቀሪውን ስፔክትሮግራም በዚያው የቀለም ሚዛን ሥሩ። መስመሩ የነበረበት ቦታ ላይ የደበዘዘ ሰያፍ ጥላ ከቀረ ማስኩ ጠብቧል። ከጫጫታውም በታች የጠቆረ ቦይ ከታየ ማስኩ ሰፍቷል፤ ከሲግናሉ ጋር ጫጫታውንም አፍሳችኋል ማለት ነው። ረድፉን እየቀነሳችሁና እየጨመራችሁ ሞክሩ፤ በ4ኛውና በ6ኛው ሰከንድ መካከል ያለው ቦታ ከ2ኛው ሰከንድ መለየት ሲያቅታችሁ ልኩ እሱ ነው።